«ትበልጣታለህ» አትበይው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አቃተኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

የፋሲካ ዕለት ትዝ ይልሻል? ቡና ተፈልቶ፣ የጎረቤት ልጅ እስክስታ ስትወርድ ሁላችንም አጨበጨብንላት። ልጄ ከጭኔ ወርዶ ሄደና ገፈተራት። ጉልበቷ ተላጠ። እሱ ዞር ብሎም አላያትም። መሃል ቆሞ «እኔን እዩኝ!» አለ። አንቺም ብድግ አድርገሽ ሳምሽውና «የኔ አንበሳ፣ አንተ ትበልጣታለህ» አልሽው። ልጅቷ ቀሚሷን አራግፋ በሩ ጋ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከሰው ሁሉ እበልጣለሁ የሚል፣ ካልተደነቀ የሚከፋው፣ የሌላው ሕመም የማይሰማው ሰው መቼም አይተሻል። ሲብስ ሐኪሞች ናርሲሲስቲክ የስብዕና መዛባት ይሉታል። ከ9 ምልክቶች ቢያንስ 5ቱን አይተው ነው የሚወስኑት፤ እሱም ሰውዬው ካደገ በኋላ። እንዳትደነግጪ እማዬ፣ ልጃችን አልታመመም። በ4 ዓመት እዩኝ እዩኝ ማለት ያለ ነው። መዋዕለ ሕፃናት 30 ልጅ ይዤ ስለምውል አውቀዋለሁ።

ግን አሜሪካ፣ በርክሌይ ውስጥ፣ ልጆችን ከ3 እና ከ4 ዓመታቸው ጀምሮ እስከ 23 ዓመታቸው የተከታተሉ ተመራማሪዎች አሉ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። በሕፃንነታቸው ከሌላው ጋር የሚጋጩ፣ ራሳቸውን መግታት የሚያቅታቸው፣ የሰው ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ እንዲሆን የሚፈልጉት፣ ካደጉም በኋላ ይህ የእበልጣለሁ ባይነት ጠባይ በብዛት ታይቶባቸዋል። ሁሉም እንዲህ ይሆናሉ ማለት አይደለም። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሆላንዱ ጥናት። ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆኑ 565 ልጆችን ከወላጆቻቸው ጋር ተከታተሉ። «ልጄ ከሌሎች ልጆች ይለያል፣ ይበልጣል» የሚል ወላጅ ያላቸው ልጆች፣ እያደር እበልጣለሁ ባይነቱ ጨመረባቸው። ፍቅር በደንብ የሚያሳይ ወላጅ ያላቸው ግን ራሳቸውን ማክበር ነው የጨመሩት።

አየሽ፣ ማቀፉ አይደለም ችግሩ። ሳሚው፣ እዘይው፣ «የኔ ጌታ» በይው። ከሌላ ልጅ ጋር እያወዳደርሽ «ትበልጣለህ» ብቻ አትበይው።

ደግሞ ይህ ለአንቺ አዲስ ነገር አይደለም። እኛን ስታሳድጊ «ከሰው ልጅ በምን ትበልጣላችሁ?» ትይን ነበር። የሰው ልጅ መትተን ከመጣን፣ ሊጡን እንኳ ጥለሽ፣ እጃችንን ይዘሽ ደጃቸው ድረስ ወስደሽ ይቅርታ ታስጠይቂናለሽ። ሊጥ የነካው እጅሽ እጄ ላይ ሲደርቅ ይታወቀኛል እስከ ዛሬ። ያቺን እናቴን ለልጄም እፈልጋታለሁ።

ለክረምት ሲመጣ ሌላ ልጅ ከመታ፣ መጀመሪያ የተመታውን አንሺ። እሱ ያልቅስ ትንሽ። ከዚያ «አየህ፣ አመማት» በይው፤ ጉልበቷን ያሳይሽ፣ ውሃ ያምጣላት።

ለጎረቤት ልጅ ነጭ ሪባን ገዝቻለሁ። ቦርሳው ውስጥ አደርገዋለሁ። ራሱ ይስጣት፤ አንቺ አጠገቡ ቁሚለት።

ልጅሽ