በሰው ምጣድ ተለማመዱ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ወጣት ሥራ ፈጣሪዎች በተጻፈ ቁጥር ወሬው መነሻ ገንዘብ ላይ ያልቃል። ብድር ጠፋ፣ መያዣ ተጠየቀ፣ የመሥሪያ ቦታ ተወደደ። ሁሉም እውነት ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ሥር ሱቅ የሚያዘጋው ግን ይበልጡን ያልተቆጠረ ሂሳብ ነው። ሂሳቡን ለመማር ደግሞ ሰው ቤት ተቀጥሮ ስድስት ወር መሥራትን የሚያህል ትምህርት ቤት አናውቅም፤ ተቀጣሪው ምን መቁጠር እንዳለበት ካወቀ።

እንጀራ ጋገራን እንውሰድ፤ በየብሎኩ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ የምትተወው ሥራ ነውና። ተቀጥራ የምትጋግር ልጅ ዓይኗ ምጣዱ ላይ ብቻ ከሆነ የምትማረው መጋገር ነው፣ እሱን ከእናቷም ቤት ታውቀዋለች። ከአንድ ኩንታል ጤፍ ስንት እንጀራ ይወጣል? በምጣዱ ስፋት፣ በሊጡ ቅጥነትና በጋጋሪዋ እጅ ይለያያል። 300 የምታወጣ አለች፣ ከዚያ የምታንስም የምትበልጥም አለች። ስለዚህ ሦስት ኩንታል ተከታትላ ቆጥራ አማካዩን በደብተሯ ትያዝ። አንድ እንጀራ በ3 ደቂቃ ከወጣ፣ በአንድ ምጣድ በሰዓት 20 ነው፤ የ100 እንጀራ ትዕዛዝ 5 ሰዓት ይፈጃል። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ 5 ሰዓት ሲነድ 17.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ሥራ ሲጀመርና ሲያልቅ የቆጣሪውን ቁጥር ጽፎ ማመሳከር ነው። ይኸው ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል። ሁለተኛ ምጣድ እዚያው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ የሚደርብ ሰው መጀመሪያ ሶኬቱ ይቀልጥበታል፣ ቀጥሎ ደንበኛው ይሄድበታል።

ብልሽቱም ይቆጠራል። የመጀመሪያዋ የምጣድ ማሟሻ ናት፣ እሷን ሁሉም ያውቃታል። ከሷ በኋላ የሚበላሸው ግን ምክንያት አለው። ክረምት ላይ ሊጡ ቶሎ አይቦካም፤ በበጋ በሁለተኛው ቀን የደረሰው ሦስተኛውን ቀን ይጠይቃል፣ ቸኩለው ከጋገሩት ዓይን አያወጣም። ለብ ሳይል በፈላበት የተመለሰ አብሲት እርሾውን ይጎዳዋል። በጎመን ዘር በደንብ ያልታሰሰ ምጣድ ይይዛል፣ እንጀራው ሲነሳ ይቀደዳል። ሳይበርድ በላስቲክ የተጠቀለለ ደግሞ ያልበዋል፤ ተጣብቆ ደንበኛ ቤት ይደርሳል፣ ቶሎም ይሻግታል። በሰው ምጣድ ሲበላሽ ኪሳራው የባለቤቱ ነው፣ ትምህርቱ የልጅቷ።

አሁን ወደ ብሩ። ጤፉ፣ ወፍጮው፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ የጋጋሪዋ ደሞዝና ኪራዩ ተደምሮ አንድ እንጀራ 22 ብር ፈጀ፣ በ25 ብር ተሸጠ እንበል። መቶው ሲሸጥ ትርፉ 300 ብር ነው። አምስቱ ቢቀደዱ ወይም ሳይሸጡ ቢያድሩ ግን ከ95ቱ የሚገባው 2,375 ብር ነው፣ ወጪው ያው 2,200 ነው፣ የቀረው 175 ብር። አምስት እንጀራ «ምን አላት» ተብላ ለልጆች ፍርፍር የምትሆን ናት፤ የቀኑን ትርፍ ግን ወደ ግማሽ አወረደችው። በዚህ ላይ ባለቤቷ ራሷ ስትጋግር «ደሞዝ የምከፍለው ሰው የለኝም» ብላ የራሷን ጉልበት ካልጻፈች፣ ቀን ሙሉ ከምጣድ ሥር ውላ ተቀጥራ ከምታገኘው ያነሰ እየወሰደች ያተረፈች ይመስላታል። የምጣዱም ሽቦ ይበጠሳል፣ ሸክላውም ይሰነጠቃል፤ ከእያንዳንዱ እንጀራ ጥቂት ሳንቲም ለዚያ ካልተቀመጠ ጥገናው የሚከፈለው ከጤፍ መግዣው ነው።

ሬስቶራንት ማቅረብ ሲመጣ ሌላ ሂሳብ ይከፈታል። ብዙዎቹ በየ15 ቀኑ ነው የሚከፍሉት። በቀን 100 እንጀራ በ25 ብር ለ15 ቀን 37,500 ብር ነው፤ ከዚህ ውስጥ 33,000ው ከአቅራቢዋ ኪስ የወጣ ነው። ሰው ብድር የሚጠይቀው ለምጣድ ነው፣ የሚጥለው ግን ይሄ መሀል ላይ የተንጠለጠለው 15 ቀን ነው። ክፍያው አንድ ሳምንት ቢዘገይ ጤፍ በምን ይገዛል? ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ይህን ለማየት የአሠሪዋን ስልክ መስማት ይበቃታል። ቀጣሪዋ በየወሩ መጨረሻ ገንዘብ ጠያቂ ከሆነች ሥራው ቢያተርፍም ጥሬ ብሩ ሌላ ሰው ጋ ተቀምጧል ማለት ነው።

ወደ ሱቅ እንሂድ። ዳር ሰፈር ያለ ሱቅ ከዱቤ አይድንም፤ «ዱቤ ነገ» የሚለው ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ደብተሩ ከሥሩ ይሞላል። በ100 ብር ገዝቶ በ115 የሚሸጥ ነጋዴ አንድ ዕቃ ዱቤ ወጥቶ ቢቀርበት፣ ያንን ለመተካት ሌላ 7 ዕቃ መሸጥ አለበት። ስለዚህ ለአንድ ቤት የዱቤ ጣሪያ ይቀመጥ፣ ቀኑና መጠኑ ይጻፍ፣ ተበዳሪው ይፈርም፣ መክፈያው ደሞዙ የሚገባበት ቀን ይሁን። ያለፈው ሳይዘጋ አዲስ አይከፈት። ይሉኝታ ያስቸግራል፣ እናውቃለን፤ ጎረቤት ነው፣ የዕድር አባል ነው። ጣሪያው ከመጀመሪያው ቀን ለሁሉም እኩል ከተነገረ ግን የሚቀየም ሰው ጥቂት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ «ልኬያለሁ» የሚል ምስል በስልክ ማሳየት መጥቷል። ሱቅ የቆመ ልጅ የደንበኛውን ስልክ አይመልከት፤ በሱቁ ስልክ መልእክቱ ገብቶ ቀሪ ሂሳቡ ሲጨምር ካየ በኋላ ዕቃውን ይስጥ።

ለቤት የሚወሰደው ዘይትና ስኳርም ዱቤ ነው፣ በባለቤቱ ስም ይጻፍ። ዕቁብም ከትርፍ ይጣል። ከዕለቱ ሽያጭ የሚጥል ሰው የመርካቶውን ጅምላ ሻጭ ብር ነው ዕቁብ የሚገባበት፤ ዕጣው ሲወጣ ደስ ይላል፣ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ትምህርት ለሁሉም ሱቅ በአንዴ ደረሰ። በድሮ ዋጋ የገዛውን ከውጭ የገባ ዕቃ በድሮ ዋጋ ሸጦ የጨረሰ ሰው፣ በዚያ ብር ያንኑ ያህል ዕቃ መመለስ አቃተው። ዋጋ የሚተመነው ዕቃውን መልሶ ለመግዛት በሚያስፈልገው ብር ነው፤ የማጓጓዣውም ይታከልበታል። ዕቃ ደብቆ ዋጋ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፣ እሱን አናነሳም። ከመርካቶ ቱሉ ዲምቱ ለሚመጣ ዕቃ የአይሱዙው፣ የወዛደሩና የባጃጁ ዋጋ ለየብቻ ተጽፎ በዕቃው ብዛት ይካፈል። ጤፍ ላይ ደግሞ የዳሩ ሰው አንድ ጥቅም አለው፦ የአድአ ጤፍ የሚመጣው በቢሾፍቱ መስመር ስለሆነ፣ እህል በረንዳ ድረስ ገብቶ ተመልሶ የሚወጣውን ከመግዛት በፊት መስመሩ ላይ ዋጋ መጠየቅ ያዋጣል።

ብሎኬት ማምረቻ የሚቀጠር ልጅ የሚማረው ትዕግሥት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከማሽን የወጣ ብሎኬት፣ ባለ 10ም ሆነ ባለ 15 ወይም ባለ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ ይቆያል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ባዶ ከሆነ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ሲጫንም ጠርዙ ይረግፋል። ገዢው የሚመልሰው ያኔ ነው። ስለዚህ የሲሚንቶ መግዣ የሚያዘው የአንድ ቀን ምርት ታስቦ አይደለም፤ መሬት ላይ ተደርድሮ የሚጠጣው ሁሉ ሳይሸጥ ሥራው የሚቀጥልበት ብር መኖር አለበት።

ሰዓትም ዕቃ ነው። የሰፈሩ ሰው በጠዋት ተሰልፎ መሀል ከተማ ይወርዳል፣ የሚመለሰው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። እንጀራው ከ11 ሰዓት በፊት ካልደረሰ፣ ዳቦና ወተቱ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ካልተሸጠ ቀኑ አለፈ። ታክሲ ረዳት የነበረ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ዝርዝር ብር መያዝንም እንደዚሁ።

ሰው ለመቅጠር ሲታሰብ ደሞዙ ብቻ አይታሰብ። ለ5,000 ብር ደሞዝ የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ ማለትም 550 ብር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው፣ የሳምንቱ የሥራ ሰዓትም ከ48 አይበልጥም።

ለቀጣሪዎችም አንድ ነገር እንበል። «ሂሳቡን ካሳየሁት ነገ ከጎኔ ይከፍታል» ብሎ ደብተር የሚደብቅ ብዙ ነው። ልጁ መክፈቱ አይቀርም። ወጪውን ሳያውቅ ከከፈተ 22 ብር የፈጀውን እንጀራ በ21 ይሸጣል፤ እስኪከስር ሦስት ወር ይፈጅበታል፣ በሦስቱ ወር ውስጥ የጎረቤቱንም ደንበኛ ይዞ ይሄዳል። ቆጥሮ የሚገባ ተፎካካሪ ይሻላል።

ዝግጅት ክፍሉ በየጊዜው የጤፍና የዘይት ዋጋ ያወጣል። ከጎኑ የወፍጮ፣ የማጓጓዣና በዳር ሰፈሮች ያለውን የሱቅ ኪራይ ዋጋ ቢጨምርበት፣ ሱቅ ለመክፈት ያሰበ ሰው ጋዜጣውን ይዞ መደመር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
ነጋዴዎች፣ ከቱሉ ዲምቱ