ሁለት መስመር ብቻ ያለው የሶላር ፕሮፎርማ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፦

ስለ ሶላር የሚነገረውና በየመንገዱ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ የሚያወራው ስለ ፓነል ዋጋ ነው። ፓነል በዓለም ገበያ እየረከሰ መምጣቱ እውነት ቢሆንም፣ ሸማቹን የሚያስደነግጠው ሂሳብ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው። የመብራት መመላለስ ስላሰለቸን ሶላር ለማስገጠም ስንወስን፣ አንድ ሻጭ የሰጠን ፕሮፎርማ ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፤ አንዱ የፓነሎቹ ዋጋ፣ ሁለተኛው «ተጓዳኝ ዕቃና ገጠማ» የሚል ድምር። ዝርዝሩን በስንት ልመና ስናገኘው ፓነሎቹ ከጠቅላላው ሩቡን እንኳ አልሞሉም። የቀረውን የወሰዱት የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚለውጠው ኢንቨርተር፣ ባትሪው፣ የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ኬብሉ፣ ብሬከሩና የጣሪያው ብረት ናቸው። አብዛኞቹ ከውጭ የሚመጡ በመሆናቸው፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዋጋቸው መናሩ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው በአንድ ቃል ተሸፍነው መቅረባቸው ነው።

የተመረጠልን ኢንቨርተር 3 ኪሎ ዋት ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ፍሪጅና የውሃ ፓምፕም ሲነሡ ከመደበኛ ፍጆታቸው ብዙ እጥፍ ይጠይቃሉ። ባለቤቴ «ታዲያ እንጀራውን በምን ልጋግር ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሻጩ መልስ አልነበረውም። ከዚህም ሌላ፣ አየሩ ሲሳሳ ዕቃውን የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ የብዙ ኢንቨርተሮች መመሪያ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ሙሉ ጉልበታቸውን እንደማይሰጡ ይገልጻል። ሱሉልታ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው።

በኬብልና በብሬከር ላይ የሚደረገው ቁጠባም መዘዝ አለው። ብዙ አምፒር የሚያልፍበት ቀጭን ኬብል ይግላል። 1,200 ዋት በ12 ቮልት ሲተላለፍ 100 አምፒር፣ በ48 ቮልት ሲተላለፍ ግን 25 አምፒር ብቻ ስለሚሆን፣ በዚያው ኬብል ላይ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። እኛ ቤት በባትሪው መስመር ላይ የተገጠመው ለተራ የቤት መስመር የተሠራ ርካሽ ብሬከር ነበር። በሁለተኛው ወር ሽፋኑ ጠቁሮ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸትቶን ነቃን። የባትሪ ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን ስለማይለዋውጥ ብሬከሩ ሲቋረጥ የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራው ብሬከር ደግሞ ከተራው ይወደዳል።

ስለዚህ ንግዱን የሚቆጣጠሩት አካላት እያንዳንዱ የሶላር ፕሮፎርማ ኢንቨርተሩ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት፣ የባትሪውን ዓይነትና ዋስትና፣ የኬብሉን ውፍረትና የብሬከሩን ዓይነት ከነዋጋቸው ለየብቻ እንዲጠቅስ ቢያስገድዱ መልካም ነው። ፓነል 25 ዓመት ሲያገለግል የእርሳስ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ውስጥ መለወጥ ስላለበት፣ ገዢው ያንን ወጪም ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ