ያቺ አንዷ መስመር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ። የአባቴን ዕረፍት ስላወጣችሁልን እናመሰግናለን። እማየ ማንበብ ትችላለች (ማን እንዳስተማራት እነግራችኋለሁ)፤ ጋዜጣውን አጥፋ ትራሷ ሥር አስቀምጣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ታሳያለች። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ቅሬታው በእናንተ አይደለም፣ በራሴ ነው። ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እናንተም ያተማችሁት እሱኑ ነው።

መስመሩን ቆጠርኩት። ስለ ኮሪያ 14 መስመር። ስለ ሌላው ዕድሜው አንድ መስመር፦ «ከውትድርና ከተሰናበቱ በኋላ በመንግሥት ሥራ አገልግለዋል፤ የሰባት ልጆች አባት ነበሩ።» አለቀ። 94 ዓመት የኖረ ሰው ነው እኮ! ኮሪያ የቆየው አንድ ዓመት።

ኮሪያው አይጻፍ አላልኩም። በ1943 ዓ.ም. ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ከጅቡቲ በመርከብ ሲሄድ ገና የ21 ዓመት ልጅ ነበር። በዚያ ጦርነት ከቃኘው ልጆች ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ያኮራል። እሱ ግን ስለ ውጊያው ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የሚያወራው ስለ ብርዱ ነበር። «ከጮቄ የባሰ ብርድ አለ ቢሉኝ፣ በላይ ይሙት፣ አላምንም ነበር» ይልና ዝም ይላል። በደርግ ጊዜማ ጭራሽ አይነሳም። ከኮሚኒስት ጋር ተዋግቶ የመጣ ሰው አፉን መያዝ ነበረበት። ሜዳዩም ጤፍ ጎታ ውስጥ ነው የከረመ።

በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ማለትም በመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ማግስት፣ የነበረበት ጦር ክብር ዘበኛ ሲበታተን ተሰናብቶ ጎጃም ገባ። በዓመቱ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት፣ መዝገብ ቤት ተቀጠረ። እዚያው 23 ዓመት።

መዝገብ ቤት ያኔ ምን እንደነበር ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ጎጃም የርስት አገር ነበር። ርስት የሚደርሰው ዘሩን ቆጥሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ማድረስ ለቻለ ሰው ነው። ስለዚህ ክርክሩ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል እንጂ አያልቅም። ባለጉዳዩ ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ በሶውን በስልቻ ይዞ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሁለት ሦስት ቀን በእግሩ ተጉዞ ይመጣና «ዶሴው አልተገኘም፣ ነገ ና» ይባላል። ነገ ና ለከተሜ ቀላል ነው። ለሱ ግን በሶው ነው የሚያልቅበት።

አባቴ ነገ ና አይልም ነበር። ዶሴዎቹን በአገሩ፣ በዓመቱ፣ በከሳሹ ስም ደርድሮ እያንዳንዱ ጀርባ ላይ በቀይ እርሳስ ቁጥር ጽፎበታል። ቁጥሮቹን ደግሞ ቤት ወስዶ በደብተር ይገለብጣል፤ ይህን ማንም አላዘዘውም። ልጅ ሆኜ ምሳ ሳደርስለት ሁልጊዜ የሆነ የማላውቀው ገበሬ አብሮት ይበላ ነበር። እጁ አቧራና የማኅተም ቀለም ይሸታል፤ ታጥቦም ይሸታል።

በ1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ እነዚያ ሁሉ የርስት ዶሴዎች ዋጋ አጡ። ክፍሉ ለሌላ ሥራ ይፈለጋል፣ ወረቀቱ ይቃጠል የሚል ወሬ መጣ። እሱ እሺም እምቢም አላለም። ማታ ማታ እያመሸ በሲባጎ እያሰረ ከጣሪያው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ሰቀላቸው። ሦስት ምሽት ፋኖስ የያዝኩለት እኔ ነኝ፣ እንቅልፌ እየመጣ። ለምን ብዬ ስጠይቀው «መሬቱስ ይሂድ። የሰው የዘር ቆጠራ እዚህ ነው ያለው፤ ይሄ ሁሉ ሰው አያቱን የት ያገኛታል?» አለኝ።

እውነቱን ነበር። ከዓመታት በኋላ ወራሽነት የሚያስመሰክረው፣ የአያቱ ስም የጠፋበት፣ ሁሉ ወደሱ መጣ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ቤታችን ድረስ ይመጡ ነበር።

ጡረታ ካልኩ አይቀር፣ ምን ሆነ መሰላችሁ? የገዛ ፋይሉ ጠፋ! የሰውን ሁሉ ዶሴ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ የራሱ ፋይል በአንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን ልተወው) ጠፍቶ ሁለት ዓመት ተመላለሰ። አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ጸሐፊ «አባባ፣ ነገ ይምጡ» አለው። ቤት ገብቶ ሲስቅ አመሸ። የተናደደችው እማየ ናት።

እማየን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ እሷ ጋዜጣ ታነብ ነበር። የተማረችው በተጣሉ የዶሴ ሽፋኖች ጀርባ ላይ ነው፣ እኛ ከተኛን በኋላ፣ በር ዘግተው፤ ጎረቤት ካየ ይስቅባቸዋላ። አራስ ስትሆን ገንፎ የሚያገነፋላትም እሱ ነበር። ጓጓላ ይበዛበት ነበር ትላለች እስከ ዛሬ።

ይሄ ሁሉ ነው እንግዲህ በአንድ መስመር ያለፍኩት። ቦታ ካላችሁ እንዲህ አርሙልኝ፦ «ለ23 ዓመት ደብረ ማርቆስ መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ነገ ና አይሉም ነበር።»

በሰልስቱ ቀን ከደጀን በኩል የመጣ አንድ ሰው ድንኳኑን አይቶ በር ላይ ቀጥ አለ። ማረፉን አልሰማም። የመጣው የአያቱን የመዝገብ ቁጥር ሊጠይቅ ነው። ደንግጦ፣ አልቅሶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሊመለስ ሲነሳ እማየ ወደ እኔ ዞረችና «ነገ ና እንዳትለው» አለችኝ። ደብተሮቹን ከሣጥን አወጣሁ። ሰውየው ንፍሮውን እየቆረጠመ ጠበቀኝ። አራተኛው ደብተር ላይ አገኘሁት፣ በቀይ እርሳስ።

ከደብረ ማርቆስ