ሐጅ ልትሄዱ ነው አሉ

አሰላሙ ዐለይኩም ውዴ፣

ሁለት ዓመት ከምናምን ሆነን አይደል? መጀመሪያ እኔ ጠፋሁ። ከዚያ መጥፋቴ አሳፈረኝ፣ ሳፍር ደግሞ ይብሱን ጠፋሁ። አውፍ በይኝ። ሰበብ ብደረድርልሽም አታምኚኝም።

ትናንት እህትሽን እዚህ ደሴ ገበያ አገኘኋት። እናትሽን ይዘሽ ሐጅ ልትሄጂ ነው ስትለኝ ደስታዬን አልችል አልኩ፤ ማሻአላህ! "ክትባቱስ?" ስላት ግን "ሳምንት ሲቀራቸው ይወጋሉ" አለችኝ። ይኸው ብዕር አስነሳሽኝ።

ሳምንት እስኪቀር እንዳትጠብቂ። እኔም እናቴን ይዤ ሐጅ ስሄድ እንዳንቺ አስቤ ጉድ ሆኜ ነበር። ነርሷ የበረራችንን ቀን ጠየቀችኝና ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በእስክሪብቶዋ ጫፍ እየነካች ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት... ስምንት ላይ አለቀ። ለካ የማጅራት ገትር ክትባት ሳዑዲ ከመግባትሽ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ነው የሚወሰደው። የቢጫ ወባውም ካርድ የሚጸናው ከተወጋሽ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከኢትዮጵያ የሚሄድን ሰው ደግሞ ይጠይቃሉ። ወደኋለኛው በረራ እስኪያዛውሩን ድረስ እናቴ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

የቢጫ ወባ አንዴ ከተወጋሽ ዕድሜ ልክ ነው። ስለዚህ አሮጌ ካርድ ካላችሁ ሻንጣውን ሁሉ በርብሪ። የማጅራት ገትሩ ግን እንደ ክትባቱ ዓይነት በ3 ወይም በ5 ዓመት ጊዜው ያልፋል። ስለ ፖሊዮው አስጓዦቻችሁን ጠይቂ፣ ደንቡ ይለዋወጣል። ደግሞ ለወረቀት ያህል ነው እንዳትይ። እንደ ፈረንጆቹ በ1987 ማጅራት ገትር ሐጅ ላይ ተነሥቶ ሰው ወደየአገሩ ይዞት ገብቷል፤ ግዴታ የሆነውም ከዚያ ወዲህ ነው። በ2000 ደግሞ ሌላ ዓይነቱ መጣ። አሁን ለአራቱ ዓይነት በአንድ መርፌ ነው።

ከመርፌው በላይ ግን ያስቸገረኝ ውሃ ነው። መካ አጠገብ፣ ሚና ድንኳን ውስጥ እናቴን "ጠጣሽ?" ስላት "ጠጣሁ" ትለኛለች። ማታ ትራሷን ሳስተካክል ሦስት ያልተከፈተ ሃይላንድ አገኘሁ! ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ስትነሣ ያዞራታል። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ያንን የሽንት ቤት ሰልፍ ፈርቼ ነው ልጄ።" ለእኔ ሸክም ላለመሆን ተጠምታ ዋለች። አንድ ኦአርኤስ፣ ያንን ለተቅማጥ የሚሰጠውን ዱቄት፣ በአንድ ሊትር ውሃ በጠበጥኩና በትንሽ በትንሹ አጠጣኋት። ከዚያ ወዲያ ሰልፉን እኔ እይዝላታለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ትመጣለች። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። "ጠጣሁ" ቢሉሽ አትመኚ፣ ጠርሙሱን እይ።

እናትሽ "እኔ የባቲ ልጅ ሙቀት ምን ያደርገኛል" እንደሚሉ አውቃለሁ። የባቲ ሙቀት ሌላ፣ የመካ ሌላ። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 ሐጅ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደርሶ ከ1,300 በላይ ሰው ሞቷል፣ አላህ ይዘንላቸው። አብዛኞቹ ሳይመዘገቡ የገቡ ነበሩ፤ ማረፊያና ጥላ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ። የእናትሽ ንግግራቸው ከተዘባረቀና ገላቸው እንደ ምጣድ ከጋለ "ይረፉ" ብለሽ አታስተኚ። ሐኪም አስጠሪ፤ እስኪመጣ ጥላ ሥር አድርገሽ ውሃ አርከፍክፊባቸው፣ አራግቢላቸው።

የግመል ወተት ደግሞ ካዩ እንደማይታገሡ ይገባኛል። ጥሬውን እንዳይጠጡ። ሜርስ የሚሉት በሽታ ከግመል ነው የሚመጣው፣ ግመሏንም አይደባብሱ። ጫማችሁን ሐረም፣ ታላቁ መስጊድ በር ላይ አትተዉ፤ በፌስታል ይዛችሁ ግቡ። የእናቴ ጠፍቶባት የጋለው አስፋልት እግሯን ውሃ አቋጥሮት ነበር። የስኳር መድኃኒታቸው በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ኢንሱሊን ከሆነ ሙቀት ያበላሸዋል።

ነጩን ጃንጥላዬን ለእህትሽ ሰጥቻታለሁ፣ ቅዳሜ አዲስ አበባ ስትመጣ ትይዝልሻለች። አንዱ ሽቦው ተጣሟል እንጂ ይሠራል። የእናትሽ ቢጫ ካርድ ተገኝቶ እንደሆነ ደውለሽ ንገሪኝ። ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።

ናፋቂሽ