ስለ በርጩማው የነገረን አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌይ እ.ኤ.አ. በ1962 የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንዲሽከረከር ያደረገበትን ዘዴ ጥሩ አድርጋችሁ አስረድታችኋል። ቅር ያሰኘኝ መዝጊያው ነው፤ ታካሚዋ «ወደ ቀድሞ ኑሮዋ ተመለሰች» ይላል። እስቲ የእናቴን ልንገራችሁ።

መንገድ ስትሻገር ባጃጅ ገጭቷት የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ፣ ዳሌው ውስጥ ከሚገባው ክብ ጫፍ (ኳሱ) ሥር፣ ተሰበረ። ጎረቤት የጠራው ወጌሻ ገና እግሯን ሲያይ «ይሄ የኔ ሥራ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዷት» አለ፤ ዕድሜ ይስጠው። አጥንቱ እዚያ ላይ ተሰብሮ ከቦታው ሲለቅ ለኳሱ ደም የሚያደርሱት ሥሮች ይበጠሳሉ፤ በብሎን ቢያያዝም ላይድን ይችላል። ስለዚህ ኳሱን አውጥተው በሰው ሠራሽ ቀየሩላት። በማግስቱ በዎከር አቆሟት። በቀዶ ሕክምናው ቅሬታ የለኝም።

የመውጫ ወረቀቱ ላይ ግን የነበረው መድኃኒቱ፣ የቁስሉ እጥበትና የቀጠሮው ቀን ብቻ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጎረቤቶች «እንኳን ተረፍሽ» ሊሉ መጡ። «ቡናውንማ እኔ ነኝ የማፈላው» ብላ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ከሰሉን ልታራግብ ጎንበስ ስትል «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማን። እግሯ አጥሮ፣ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ቀረ። ኳሱ ወልቋል። ማደንዘዣ ሰጥተው መለሱላት።

ምክንያቱን የሰማነው ያኔ ነው፣ ከአንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። ዳሌው የተከፈተው ከኋላ በኩል ከሆነ፣ የተቆረጠው ጡንቻ እስኪጠና ድረስ ጉልበት ከዳሌ በላይ ከፍ ማለት የለበትም፤ ኳሱ በዚያው በተከፈተበት በኋላ በኩል ይወጣል። በተለይ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ያሰጋሉ። እግር ማጠላለፍም ክልክል ነው።

እንግዲህ የእኛን ቤት አስቡት። በርጩማ፣ መደብ፣ የሚሰምጥ ሶፋ፣ ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤት። ስግደቱስ? እናቴ ከሁሉ በላይ የከፋት እሱ ነው። እኛ ብየዳ ቤት ሄደን መቀመጫው መሃሉ ላይ ክፍት የሆነ የብረት ወንበር አሠርተን ጉድጓዱ ላይ አቆምንላት። ሐሳቡ የራሳችን ነው፤ ከሐኪም ቤት ያገኘነው አይደለም።

ሆስፒታሎች ይህን በአንዲት ገጽ፣ ታካሚው በሚያነበው ቋንቋ ጽፈው ቢሰጡ ምን ይከብዳል? እናንተም ብታትሙት ብዙ ቤት ይደርሳል። ስታትሙት ይህንንም ጨምሩበት፦ የገባው ዕቃ ከነሥሪቱና ከነመጠኑ የተጻፈበትን መለያ ታካሚው ጠይቆ ይያዝ። ከዓመታት በኋላ ቢያልቅ ወይም ቢላላ፣ ደግሞ የሚከፍተው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። እኛ ከወጣን በኋላ ተመልሰን ለምነን ነው ያገኘነው።

አንባቢያችሁ፣
ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ