ልጆቼ ምንም አልፈለሰፉም

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ትምህርት ቤታችን ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢዎቻችሁ አይተውታል። ጽሑፉን ያላነበበም ፎቶውን አይቷል፤ ግማሽ ገጽ ነው የያዘው። ነጭ ጋውን የለበሰ ልጅ፣ ቀይ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ከፍ አድርጎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ከላይ በትልቁ «የወሎ ተማሪዎች የዝናብ መለኪያ ፈለሰፉ» ይላል።

የልጁ የፊዚክስ መምህር እኔ ነኝ። ጋዜጣው ከወጣ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። አክስቴ ከኮምቦልቻ ደውላ እልል ብላለች። የግቢያችን ዘበኛ «ኢንጂነር» ይለኝ ጀምሯል። ርዕሰ መምህሩ ገጹን ቆርጠው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈውታል። አንሱልኝ ብል ማን ይሰማኛል? እንግዲህ ደስ ሊለው ይገባ የነበረው ሰው ነው ይህን ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ።

ከጋውኑ ልጀምር። ጋውኑ የላብራቶሪ አይደለም። ፎቶ አንሺያችሁ «ነጭ ነገር የላችሁም?» ብሎ ስለጠየቀ ከመምህራን ሻይ ክበብ ወጥ ሠሪዋ የተዋስነው ነው። ቀዩ ፈሳሽም ከዚያው ክበብ የመጣ ሻይ ነው። ስኳር ሳይቀር ገብቶበታል። ዝናብ ለምንለካ ሰዎች ብልቃጥ ምን ያደርጋል ብዬ ብጠይቅ «ሳይንስ እንዲመስል ነው» ተባልኩ። ይሁን። ሰርግ ላይም ሰው የተከራየውን ካባ ለብሶ ፎቶ ይነሳል። እሱን ትቼዋለሁ።

ያልተውኩት «ፈለሰፉ» የምትለዋን ቃል ነው።

የዝናብ መለኪያ ኮሪያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1441፣ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ ተሠርቶ ለየአውራጃው ታድሏል። ያኔ እኛ ጋ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነበሩ። በእናንተ ቆጠራ የእኔ የ11ኛ ክፍል ልጆች ወደ 600 ዓመት ገደማ ዘግይተው ፈለሰፉት ማለት ነው። የኮሪያ ኤምባሲ እንዳይከሳቸው እሰጋለሁ።

ልጆቹ ያደረጉት ይሄ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ትከሻው ላይ ቆረጡ። የተቆረጠውን አናት አፉን ወደ ታች ገልብጠው መልሰው ሰኩት። የጠርሙሱ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨመሩበት። ጠጠሩ እስኪሸፈን ውሃ አፈሰሱና እዚያ ላይ ዜሮ ብለው አሰመሩ። ከጎኑ ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፉ። አለቀ። ማንም ይሠራዋል። አሠራሩን ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ።

ሥራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘገባችሁ ደግሞ ያበቃው እዚያ ላይ ነው።

ሰባት ጠርሙስ በግቢው ውስጥ ተከልን። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች በሚያነቡበት ሰዓት፣ ይነበባል። ደብተር ላይ ይጻፋል። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ባንዲራው አጠገብ ያለው 4 ቁጥር 14 ሚሊ ሜትር ይዞ ተገኘ። ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ያለው 5 ቁጥር 9። በመካከላቸው ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። ደመናው ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ሲደርስ አልሰሰተም መቼም።

ተረኛው ልጅ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ላጲሱን አወጣና 9ኙን አጥፍቶ 14 ጻፈ። ከኋላው ቆሜ እያየሁት።

«ለምን አጠፋኸው?» አልኩት።

«ተሳስቶ ነው ቲቸር።»

«ማን?»

«ጠርሙሱ።»

ልቆጣው አልኩና አፌ ላይ ቀረ። ላጲሱን ያስያዝነው እኛ ነን። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በክር ላይ ድንጋይ እያወዛወዝን የመሬትን ስበት እንለካ ነበር። መጽሐፉ 9.8 ይላል። የክፍላችን ተማሪ በሙሉ 9.8 አመጣ። ባልተስተካከለ ክር፣ በእጅ ሰዓት፣ በድንጋይ! አንድም 9.3 ያመጣ የለም። ድንጋዩን ሳያወዛውዙ ያመጡም ነበሩ፤ ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ መሥራት ነው። ሁላችንም ጥሩ ማርክ አገኘን። ከዚያ ተመርቀን መምህር ሆንን።

መምህር በሆንኩ በዓመቱ ፕላዝማ መጣ። የዚያ ዘመን ልጆች ያውቁታል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየተጣደፈ ሁለት ፈሳሽ ያቀላቅላል፣ ቀለሙ ይቀየራል፣ ደወል ይደወላል። አንድም ቀን ሳይሳካለት ቀርቶ አላየንም። ጥያቄ ብትጠይቀው አይሰማህም። የእኔ ሥራ ማብራትና ማጥፋት ነበር፤ መብራት ሲሄድ እሱም ይቀርልኛል። ልጆቹ ከዚያ ምን ተማሩ? ሳይንስ ማለት ሩቅ አገር ያለ ሰው የማይሳሳተው ነገር ነው የሚለውን።

መጽሐፉም ቢሆን ምልከታ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ መደምደሚያ ብሎ በተራ ደርድሮታል። ልጁ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። ፈተና ላይ «ከሚከተሉት ውስጥ ሁለተኛው እርምጃ የቱ ነው?» ይባላል። 9 እና 14 ፊት ለፊቱ ሲቆሙ ግን የትኛው እርምጃ ላይ እንዳለ አያውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አላውቅም ነበር።

ያዳነችን አንዲት ልጅ ናት። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋ የማይሰማ። ደብተሩን የምትይዘው እሷ ነች። «ቲቸር፣ ብናቀያይራቸውስ?» አለች። 4 ቁጥርን ቤተ መጻሕፍቱ ጋ፣ 5 ቁጥርን ባንዲራው ጋ። ትንሹ ቁጥር ጠርሙሱን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የጠርሙሱ ነው። እዚያው ከቀረ የቦታው ነው።

ይህን ማንም አልነገራትም። መጽሐፉ ውስጥም የለም። ቆሜ ቀረሁ።

አቀያየርናቸው። ከዚያ ዝናቡ ጠፋ! በየቀኑ ሰማይ እያየን አራት ቀን ጠበቅን። በአምስተኛው ማታ ዘነበ። ጠዋት ባንዲራው ጋ 10፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ 6። ጠርሙሱ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የቦታው ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ንፋስ ዝናቡን አግድም ይነዳዋል፣ ግድግዳው ደግሞ ይከልለዋል። ከዚያ ወዲህ መመሪያ ፈልገን ስናነብ ደንቡ ድሮ የተጻፈ ነው፤ መለኪያ ከግድግዳም ሆነ ከዛፍ ቢያንስ የግድግዳውን ወይም የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ርቆ መተከል አለበት። እንግዲህ አዲስ ነገር አላገኘንም። ልጆቹ ግን ደንቡን ሳያነቡ ለምን እንደተጻፈ አወቁት።

ይህን ሁሉ ለጋዜጠኛችሁ ነግሬዋለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ። ማስታወሻ ሲይዝም አይቻለሁ። በመጨረሻ «መምህር፣ ይሄ አንባቢ ያደክማል። በአጭሩ ምን ፈጠሩ እንበል?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «እሺ፣ ስንት ብር ፈጀ?» አለኝ። ሃይላንዱ ከቆሻሻ የተለቀመ ነው፤ እሱን በትክክል ጽፎታል። ምስጋና ይድረሰው።

ልጅቷ ግን ዘገባው ውስጥ የለችም። ደብተሩም የለም። ጋውኑን የለበሰው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ባለ ላጲሱ ነው። ጋውኑ ልኩ ስለሆነ ተመረጠ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እወደዋለሁ፣ አሁን አሁን ያጠፋውን ሁሉ መልሶ ይጽፋል። ጋዜጣው የወጣ ቀን ግን አፍሮ ትምህርት ቤት አልመጣም።

እዚህ ላይ የግል ቅሬታዬን ልጨምር። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኙ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የጋዜጦች ሁሉ ጣት ወደ መምህሩ ተቀሰረ። የእናንተም ነበረችበት። በዚያው ዓመት መግቢያ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ደርሶ ነበር። ላብራቶሪያችን ቁልፉ ነው የተረፈው፤ እሱም ኪሴ ስለነበረ። ልጆቹ ሲወድቁ ጥፋቱ የመምህር፣ ጠርሙስ ሲቆርጡ ፈልሳፊ። በመካከል ያለውን፣ ዓመቱን ሙሉ ያለውን ሥራ ማየት የሚፈልግ የለም።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ አለች። «ምንም ዓይነት የምርምር ልምድ በሌለበት አካባቢ» ትላለች። ጎሽ!

ማይባርን ታውቁታላችሁ? ከደሴ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ሲጀመር የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው እዚያ ነው። የጎጃሙ አንጀኒና የሸዋው አንዲት ጢድ በኋላ የመጡ ናቸው። እዚያ ዝናብ ይለካል። ጎርፍ ሲመጣ የደፈረሰው ውሃ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ምን ያህል አፈር እንደተሸከመ ይመዘናል። ከአንድ ማሳ በዓመት ስንት አፈር እንደሚታጠብ አገሪቱ በቁጥር ካወቀችባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጋውን ለብሶ ብልቃጥ የሚያነሳ ሰው ስላልታየ ልምድ አልተባለም መሰለኝ።

ባልደረባዬ የዚያ አካባቢ ልጅ ነው። ክፍል ጋብዤው ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ነገራቸው። አንባቢው ሳይዘንብም ወጥቶ ያያል፣ ዜሮ ብሎ ይጽፋል። የእኛ ልጆች ያልዘነበበትን ቀን ባዶ ነበር የሚተዉት። ባዶ ማለት ማንም አላየም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ሰው ወጥቶ አይቷል፣ ዝናብ የለም ማለት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ልጆቹ ደብተራቸውን ገልጠው ባዶዎቹን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ አለ። ምክንያቱም የትኛው ዜሮ እንደሆነ፣ የትኛው ቀን ኳስ ሲጫወቱ እንደረሱት፣ አሁን ማንም ሊለየው አይችልም።

ሐይቅንስ? በየዓመቱ ተማሪ ጭነን ለሽርሽር እንሄዳለን። ቆሮሶ እንበላለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ እንመለሳለን። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር የተሳተፉበት ጥናት፣ ከሐይቅና ከሐርዲቦ ወለል ጭቃ ወጥቶ የተሠራ ነው። ጭቃው ውስጥ ያለውን የአበባ ዱቄትና ከሰል እየቆጠሩ የ3000 ዓመት ታሪክ አነበቡበት። ከ2500 ዓመት በፊት ገደማ የዝግባና የጥድ ደኑ አልቆ ክትክታና ሣር ተተካ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ጥድና ወይራ ተመልሶ መጣ። ከዚያ እንደገና ተመነጠረ። እኛ «ድሮ ደን ነበር፣ አሁን የለም» ብለን የምንጨርሰውን ነገር ጭቃው እንዲህ አወሳሰበው። ይህን የሚያህል ነገር እግራችን ሥር እያለ ዓሣ በልተን እንመለሳለን። እኛም ጥፋት አለብን፣ አልክድም።

ስለ ዝናብ ቁጥር ለምን እንዲህ እንደምከርር ምናልባት አዲስ አበባ ሆኖ አይገባ ይሆናል። ሌላ አገር ዝናብ መለካት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ወሎ ላይ ግን 66 እና 77 የሚባሉ የረሃብ ዓመቶች አሉ። በልግ ቀረ ወይስ ዘገየ የሚለው ጥያቄ እዚህ የወግ ማሟሻ አይደለም። አያቴ የ77ቱን በልግ ስታወራ ወር አትጠቅስም፤ በየትኛው ሳምንት የትኛውን ከብት እንደሸጡ ነው የምትቆጥረው። ታዲያ 9ን አጥፍቶ 14 የሚጽፍ ልጅ እያሳደግሁ እንዴት ልተኛ? ያንኑ ልጅ ጋውን አልብሳችሁ ገጽ ላይ ስታወጡትስ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «ፈለሰፉ» የሚለው ይታረም። ማይባር ይጠቀስ። ደብተሩ የፊዚክስ ክፍል መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ጋዜጠኛችሁ መጥቶ ያንብበው፣ የጠፉትና ተመልሰው የተጻፉት ቁጥሮች ሁሉ አሉበት። ሲመጣ ጋውኑን ይዞ ይምጣ፤ ፎቶ አንሺው ሻንጣ ውስጥ አብሮ ሄዷል መሰለኝ፣ ወጥ ሠሪዋ በየቀኑ እኔን ነው የምትጠይቀኝ።

ልጅቷ ስለ ዘገባው ምንም አላለችም። ዛሬ ግንቦት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰባቱንም ጠርሙስ ዞራ አየች። ሰባት ዜሮ ጻፈች።

አንድ የፊዚክስ መምህር
ከደሴ