«ነፃ ማስታወቂያው» ያከሰረን ሰዎችም አለን

ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ፊልም ሲኒማ ቤት ሳይገባ ኢንተርኔት ላይ ሾልኮ ቢወጣ የትኬት ገቢውን አይጎዳም፣ እንዲያውም ነፃ ማስታወቂያ ነው ይላል። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ትንሽ ቆየሁ። አልበረደም።

ዘገባው የቆመው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ 85 ሚሊዮን ዶላር። «ኤክስ-ሜን ኦሪጅንስ፡ ዎልቨሪን» እ.ኤ.አ. በ2009 ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው ሾለከ፤ ያም ሆኖ በመክፈቻው ቅዳሜና እሁድ አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ብቻ 85 ሚሊዮን ዶላር አስገባ፤ ስለዚህ መሰረቅ አይጎዳም። በቃ። ነገሩ እዚህ ላይ ተዘጋ።

ቁጥሩ ልክ ነው፣ ከቁጥሩ ጋር ጠብ የለኝም። ግን ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው «አልተጎዳም» የተባለው? ባይሾልክ ስንት ያስገባ ነበር? 85? 100? ያልተሰረቀ ሌላ ዎልቨሪን የለማ! ኪሱ ተፈትሾ ለታክሲ የምትሆን የተረፈችውን ሰው «ይኸው ገንዘብ ይዘሃል፣ ማን ሰረቀህ?» እንደማለት ነው።

ደግሞ የሾለከው ቅጂ ያላለቀ ነበር። ብዙ ቦታ ላይ ቪዥዋል ኢፌክት አልገባበትም፤ ተዋንያኑን አየር ላይ የያዙት ገመዶች ሳይቀሩ ይታያሉ። ስለዚህ የዎልቨሪን ወዳጅ ያለቀውን ለማየት ትኬት የሚቆርጥበት ምክንያት ነበረው። ገጸ ባህሪውን ዓለም ያውቀዋል፣ ለማስታወቂያው የፈሰሰው ገንዘብም ቀላል አይደለም። ነፃ ማስታወቂያ ለቸገረው ፊልም ምሳሌ ፍለጋ ተወጥቶ የተገኘው እሱ ነው እንግዲህ።

«ዘ ኤክስፔንደብልስ 3» ግን ለምን ተዘለለ? እ.ኤ.አ. በ2014 ሊወጣ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ሾለከ፣ ያውም ጥርት ያለ ቅጂ። የመጀመሪያው ክፍል በመክፈቻው ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር፣ ሁለተኛው ከ28 ሚሊዮን በላይ ነበር ያስገቡት። ሦስተኛው 16 ሚሊዮን ገደማ። እኔ ግን እንደ ዘጋቢያችሁ አልቸኩልም። ተከታታይ ፊልም እየቆየ ይደክማል፣ ተቺዎችም አልማሩትም፤ ውድቀቱን ሁሉ በሌባው ላይ አልደፈድፍም። በአንድ ፊልም ምንም አይረጋገጥም። በእኔም ምሳሌ፣ በእሱም።

ለዚህ ነው ብዙ ፊልሞችን አንድ ላይ የሚያይ ጥናት የሚያስፈልገው። አለ ደግሞ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት፣ ሳይወጡ የሾለኩ ፊልሞች የሲኒማ ቤት ገቢያቸው በአማካይ 19 በመቶ ገደማ እንደሚያንስ አግኝቷል። ልብ በሉ፣ የተነጻጸሩት ከወጡ በኋላ ከተሰረቁ ፊልሞች ጋር ነው። ጨርሶ ካልተነኩት ጋር እንኳን አይደለም።

የተሰረቁ ፊልሞች ይወርዱበት የነበረው ሜጋአፕሎድ የተባለው ድረ ገጽ ሲዘጋ ሆነ የተባለውም እውነት ነው። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተዘጋ በኋላ የተጠቀሙት በብዙ አዳራሽ የሚታዩት ትልልቅ ፊልሞች ናቸው፤ የመካከለኞቹ ገቢ ጭራሽ ዝቅ ብሏል። ስርቆት ትልልቅ ላልሆኑት እንደሚጠቅም የሚያስመስል ግኝት ነው፣ ባላነሳው ደስ ባለኝ። ግን የሚያወራው ስለ ስርቆት በጥቅሉ ነው፣ ዘገባችሁ ደግሞ ሳይወጣ ስለሾለከ ፊልም። ሁለቱን የሚለያቸው ቀኑ ነው። ፊልሙ አዳራሽ እያለ የተሰረቀ ቅጂ ቢዞር፣ ወሬውን የሰማ ሰው ትኬት ቆርጦ መግባት ይችላል። ገና ሳይወጣ ከሾለከ ግን ወሬው የሚግለው ትኬት በሌለበት ሰዓት ነው። ያለው ሊንኩ ብቻ ነው። ታዲያ ሰው የት ይሂድ?

«ትሮፓ ዴ ኤሊቴ» የተባለውን የብራዚል ፊልምም አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳይወጣ ሾልኮ በየመንገዱ ተቸበቸበ። ሲኒማ ቤት ሲገባም አልወደቀም፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ትኬት ሸጧል። ለዘጋቢያችሁ የሚመች ይመስላል፣ አይደል? ሁለተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2010 ሲመጣ ግን ሠሪዎቹ እንዳይሾልክ እንደ ዓይን ብሌን ጠበቁት። ከ11 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠ። ዝናውን የሰጠው የመጀመሪያው መሰረቅ ነው የሚል አይጠፋም፣ ይሆናል። ግን ነፃ ማስታወቂያውን ቀምሰው የሚያውቁት ሰዎች ራሳቸው ለምን በድጋሚ አልፈለጉትም? ደግሞስ ሁለተኛ ክፍል የሚሠራበት ገንዘብ ያለው ስንቱ ነው?

ወደ ራሴ ልምጣ። የፊልም ኤዲተር ነኝ። ኤዲት ያደረግኩት ፊልም ሊመረቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ቻናል ላይ ተለቀቀ። ሚክስ ያልተደረገው፣ ማለትም ድምፁ ገና ያልተስተካከለው ቅጂ ነው የወጣው። ከታች ሰዓት ቆጣሪው ይሮጣል፣ መሀል ላይ «ለማረሚያ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ተጋድሟል። አንድ የስልክ ንግግር ላይ የሴትዮዋ ድምፅ ገና ስላልገባ፣ ሰውየው ዝም ባለ ስልክ ላይ ብቻውን ሲጮህ ይታያል። ከስር የተጻፈው አስተያየት «ሰውየው አብዶ ነው ወይስ ዳይሬክተሩ?» ይላል። ሌላው «ሳውንዱ ይደብራል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ» ብሎ ለሕዝብ መክሯል። የእኛ ነፃ ማስታወቂያ እንግዲህ ይህን ይመስል ነበር። ሳውንድ የሠራው ልጅ ጨርሶ ባላስረከበው ሥራ ስሙ ጠፋ።

ሲኒማ ቤት ደግሞ አያዝንም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወንበር ካልሞላህ የምሽቱ ሰዓት ለሌላ ይሰጣል፣ አንተ ሰው ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት ትታያለህ፣ ከዚያ ትወርዳለህ። ትልቅ ፊልም በሺዎች አዳራሽ ተከፍቶ 19 በመቶ ቢቀነስበት ይቆጨዋል እንጂ አይሞትም። እኛ ግን ቀሪ ክፍያችን «ከትኬት ሲገባ» ነበር የተባለው። ምን ይገባል! ዘገባችሁ ውስጥ የትልልቆቹ ገቢ በሚሊዮን ተቆጥሯል፣ ክፍያው በትኬት ላይ ስለተንጠለጠለ ሰው ግን አንድ መስመር የለም። ስልክ ደውሎ አንድ ኤዲተር መጠየቅ ይህን ያህል ይከብዳል?

ይቅርታ፣ አንድ መስመር አለ። «አብዛኛውን ጊዜ የሚያሾልኩት የውስጥ ሰዎች ናቸው» ይላል። እናመሰግናለን! የውስጥ ሰዎች ማለት እኛ ነን። ወደ ሲኒማ ቤቶች የሚላከው ዲጂታል ፋይል የተቆለፈ ነው፣ ቁልፉም በቀንና በሰዓት የተገደበ ነው። ስለዚህ ጣት የሚቀሰረው ከዚያ በፊት ፊልሙን በነካው ሁሉ ላይ ነው፤ ኤዲተር፣ ሳውንድ፣ ከለር፣ ሰብታይትል የሚጽፈው ሳይቀር። ከሾለከው ቅጂ በኋላ ሃርድ ዲስኮቻችን ተለቅመው ተወሰዱ። አብረን ሌሊት ያደርን ሰዎች ሰላምታ እስከመቆጣጠብ ደረስን። ይህ በየትኛው የገቢ ሠንጠረዥ ውስጥ ይገባል?

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነው። 85 ሚሊዮኑን ስትጽፉ ከጎኑ 16 ሚሊዮኑንም ጻፉ፣ 19 በመቶውንም ጨምሩበት፣ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ዘጋቢያችሁም ማንም የማያውቀው ትንሽ ፊልም ሳይወጣ ሾልኮ በዚያ ምክንያት ያተረፈ ካለ ስሙን ያውጣልኝ፤ አንድ ብቻ።

የእኔን ስም ግን አታውጡብኝ። ፕሮዲውሰሩ ማን እንዳሾለከው አሁንም እየፈለገ ነው።

አንድ ኤዲተር